ያገለገለ ቴምብር ሻጋታ እንዳይበላው፦ ከመፈተሽ እስከ ማስቀመጥ

አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ተከፍቶ ፖስታው ሊጣል ሲል ቴምብሩን በመቀስ ቆርጦ ኪሱ ይከታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የ30 ዓመት ቴምብር አጠራቀመ። በ2016 ፒያሳ ያለው ቤታቸው ሲፈርስ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ቴምብሮቹ ደሞ በብስኩት ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው በሁለት ፌስታል፣ ፌስታሉ በስኮች ጥርቅም ተደርጎ አልጋ ስር። ሰውዬው እኮ መጠበቁ ነው። ክረምቱ አልፎ ስንከፍተው መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፣ ከዛ አየነው፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሌላው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ፈሶበታል፣ ጥግ ላይ ያሉት ነጭ ፀጉር አብቅለዋል።

የሚገርመው ጠብታ ውሃ አልነካውም። ዕቃው የተጫነው ዝናብ ዝናብ ባለ ሰሞን ስለነበር ወረቀቱ የያዘው እርጥበት ነው አብሮ የታሸገው። ከቴምብር ጋር ስቆይ የተረዳሁት ነገር ይሄ ነው፣ ጣራ አፍስሶ ከሚበላሸው ይልቅ እኛው በገዛ እጃችን እርጥበቱን አሽገንበት የሚበላሸው ይበዛል። የሻጋታ ዘር አየር ላይ ሁሌም አለ፣ ማጥፋት አይቻልም፣ ግን የአየሩ እርጥበት ወደ 65 ፐርሰንት ካልደረሰ መብቀል ይከብደዋል። ምግቡ ደሞ ወረቀቱና ከጀርባ ያለው ሙጫ ነው። የምንሠራው ሥራ ሁሉ እርጥበቱን 50 አካባቢ መያዝና የሙጫ ትራፊውን ማስወገድ ነው በቃ።

መቼ ነው የሚሠራው

አዲስ አበባ ላለ ሰው ከዕቃ በፊት ወር ነው የሚቀድመው። መንከር (ቴምብሩን ከተለጠፈበት ወረቀት በውሃ ማላቀቅ ማለት ነው) እና ማድረቅ የበጋ ሥራ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር። ያኔ አየሩ ደረቅ ነው፣ ልብስ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ሽታ ይዞ እንደሚገባ ታውቃላችሁ፣ ቴምብርም ያው ነው። እኔ አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ሥራ ፈትቼ ወደ 200 ቴምብር ነከርኩ፣ አንድ ሌሊት አሳደርኩና ጠዋት ስነካው ደረቅ መሰለኝ፣ አልበም ውስጥ ደረደርኩት፣ መስከረም ላይ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ዝገት የነካቸው ይመስላሉ። ከዛ ወዲህ በክረምት ያገኘሁትን ቴምብር ከነወረቀቱ በነጭ የወረቀት ፖስታ አድርጌ ጥቅምትን እንዲጠብቅ እተወዋለሁ።

ፍተሻ ደሞ ሁለቴ፣ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባና መስከረም መጨረሻ ላይ። በልግ የሚጥልበት ዓመት ከሆነ ሚያዝያ ላይም ገለጥ አርጉት። አንድ ማሳሰቢያ፣ ኅዳር 12 ቀን ቴምብር መስኮት አጠገብ አታድርቁ፣ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ጢሱና ጥላሸቱ ወረቀት ላይ ነው የሚያርፈው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም። ወረንጦ፣ ግን የቅንድቡ አይሆንም፣ እሱ ጥርስ አለው ወይ ጫፉ ሹል ነው፣ ቴምብሩን ይበሳዋል፣ ጫፉ ጠፍጣፋና ልሙጥ የሆነ ፈልጉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር። የስልክ መብራት። ለስላሳ የውሃ ቀለም ብሩሽ፣ ማስክ፣ ብዙ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ሶፍት (አበባ ያለበት አይሆንም፣ ቀለሙ ይለቃል)። አንድ ትንሽ ዲጂታል እርጥበት መለኪያ ደሞ ግዙ፣ ይሄ ነው ዋናው።

መለኪያው ይዋሽ አይዋሽ እንዲህ ትፈትኑታላችሁ፦ በሃይላንድ ክዳን የገበታ ጨው አድርጉ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበትና እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን፣ ጨው ሟምቶ እንዳያልቅ። ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ሳይነካኩ አስቀምጡና ዝጉት፣ ሲነጋ ያለችውን ቁጥር አንብቡ። 75 ማለት አለባት። 70 ካለች ሁሌም 5 እየጨመራችሁ አንብቡ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ፍተሻ

በአፍንጫ ጀምሩ። ቆርቆሮም ይሁን አልበም ሲከፈት የመጀመሪያዋ ሽታ ናት እውነቱን የምትነግራችሁ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አፍንጫ ይለምደዋል። የታፈነ፣ የእርጥብ አፈር የመሰለ ሽታ ካለ የሆነ ቦታ ሻጋታ አለ ማለት ነው፣ ባይታይም። ገጾቹ ላይ ጥቃቅን ነጣ ያሉ የሚሮጡ ነፍሳት ካያችሁም ያው ነው፣ እነሱ ሻጋታ ስለሚበሉ እርጥበት ያለበት ነው የሚሰበሰቡት። ግን አፍንጫችሁን ቴምብሩ ላይ ደፍታችሁ አትማጉት፣ በተለይ አስም ያለባችሁ ማስክ አርጉ።

ቀጥሎ መብራት። ስልኩን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታችሁ ነው ብርሃኑን የምታስገቡት። ከላይ ሲበራ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው የሚመስለው፣ ከጎን ሲበራ ግን ከወረቀቱ ከፍ ያለች ፀጉር ሁሉ ጥላ ትጥላለች። መጀመሪያ የቴምብሩን ጥርሶች፣ ዳር ዳሩን ያለውን ማለቴ ነው፣ እዩ፣ ምክንያቱም እዛ ጋ ወረቀቱ የተቀደደ ስለሆነ ክሩ ክፍት ነው፣ እርጥበት ቶሎ ይስባል፣ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ከዛ ነው የሚጀምረው። ከዛ ገልብጡት። ፊቱ ንጹህ መስሎ ጀርባው የጨረሰለት ቴምብር ስንት አይቻለሁ።

ያያችሁት ነገር ምን እንደሆነ መለየት ላይ ትንሽ ቆም በሉ፣ ሁሉም ቡናማ ነገር ሻጋታ አይደለም። ፀጉር ያለው፣ ነጭ ወይ ግራጫ ወይ አረንጓዴ፣ በብሩሽ ጫፍ ስትነኩት የሚቀባ ከሆነ ሕያው ሻጋታ ነው፣ ከሌሎቹ አሁኑኑ ለዩት። በነን ብሎ እንደ ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ የደረቀ ነው፣ ተኝቷል እንጂ አልሞተም፣ እርጥበት ካገኘ ይነሳል። ከፍ ያላለ፣ ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ ዝገት መሳይ ነጥብ የቆየ ጠባሳ ነው፣ ከሻጋታና ወረቀቱ ውስጥ ካለ የብረት ቅንጣት ይመጣል ይባላል፣ እሱ አይለቅም፣ ግን ቦታው ደረቅ ከሆነ እዛው ይቆማል። ክብ ጠርዝ ያለው ቡናማ ደሞ ቡና ወይ ሻይ ነው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኖረ ፖስታ አይደል። ቀጥ ያለ የሽቦ ቅርጽ ካለው ክሊፕ ወይ ስቴፕለር ዝጎበት ነው። የማኅተም ቀለም ዘይቱ ወደ ጀርባ ሲወጣ የሚሠራው ቢጫ ጥላም አለ፣ እሱ አያስፈራም።

ሱቆች ብር የሚፈትሹባት ሰማያዊ መብራት ካለቻችሁ በጨለማ አብሩበት፣ በዓይን የማይታይ የሻጋታ ምልክት አንዳንዴ ያበራል። ግን አዳዲስ ቴምብሮች ወረቀታቸው ራሱ ነጭ እንዲመስል የተጨመረበት ነገር ስላለው ጭልጥ ብሎ ሰማያዊ ያበራል፣ እሱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

ሕያው ሻጋታ ካገኛችሁ

አትጥረጉት! እርጥብ ሻጋታ በተጠረገ ቁጥር ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ይደርቅ። ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ከሌሎቹ ራቅ ባለ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት፣ ከዛ ማስክ አርጋችሁ በረንዳ ላይ ወጥታችሁ በብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያላችሁ አራግፉት፣ ስር ያለውን ወረቀት አጣጥፋችሁ ጣሉት። ብሩሹን በሳሙና እጠቡት፣ ንጹሁ ቴምብር ላይ እንዳትደግሙት።

በረኪና የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። በረኪና ነጠብጣቡን ያነጣዋል፣ አብሮ ቀለሙንም ያነጣል፣ ወረቀቱንም ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሎሚም አሲድ ነው፣ ተዉት። ፀሐይ ላይ ማስጣትም እንደዛው፣ እኛ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ የቀትር ፀሐይ ቀይና ሐምራዊ ቀለምን ለመግደል ጊዜ አይፈጅባትም። ፍሪዘር ደሞ ነፍሳት ይገድላል፣ የሻጋታን ዘር ግን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

ውሃ የማይነካቸውን መለየት

ይሄን ሳትጨርሱ ሳህን ውስጥ ውሃ እንዳታደርጉ። ከነፖስታው ያለ አሮጌ ደብዳቤ ካላችሁ አትቁረጡት፣ ማኅተሙ፣ ቀኑ፣ አድራሻው አንድ ላይ ሆኖ ነው ታሪኩ። በተለይ አስመራ፣ ምጽዋ፣ አሰብ የሚል የኢትዮጵያ ፖስታ ማኅተም ያለበት ሙሉ ፖስታ ከተቆረጠ ቴምብር ይበልጣል፣ ለእኔ ቢያንስ። እሱ እንዳለ በደረቁ ይቀመጥ።

ሁለተኛ ከታተመ በኋላ በላዩ ላይ ጽሑፍ በእጅ ማኅተም የተመታበት ቴምብር፣ የፖስታ ቤቱን የቀን ማኅተም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች፣ የ1886ቶቹ ፓሪስ የታተሙት የምኒልክ ምስልና አንበሳ ያለባቸው 7ቱ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ "ቦስታ" ምናምን እየተባለ በላያቸው ተመቶባቸዋል። እንደዚህ ያለ በእጅ የተመታ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል። ከአያት የወረሳችሁት ካለ ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ አትንኩት፣ ዋናው ፖስታ ቤት ጎን ያለው የፖስታ ሙዚየም ሄዳችሁ እውነተኛው ምን እንደሚመስል ማየት ትችላላችሁ።

ሦስተኛ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይ ቡናማ ፖስታ ላይ የተለጠፈ፣ ወረቀቱ ቀለም ይለቅና ጎረቤቱን ሁሉ ያቀልመዋል። እነሱን ለብቻቸው በቀዝቃዛ ውሃ ለአጭር ጊዜ፣ ወይም ጭራሽ ተዉአቸው። አራተኛ እንደ ስቲከር የሚለጠፉት የአሁን የውጭ ቴምብሮች፣ ብዙዎቹ በውሃ አይለቁም፣ ከዳር ዳር አምስት ሚሊሜትር አስተርፎ በመቀስ ከነወረቀቱ መቁረጥ ነው።

መንከር

ለብ ያለ ወይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የፈላ በጭራሽ። ዝርግ ሳህን፣ በአንዴ ከ20 አይበልጡ፣ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ይንሳፈፉ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ቴምብሩ ራሱ ተንሸራቶ ይለቃል። አልለቅ ካለ ጠብቁት እንጂ አትላጡት፣ እርጥብ ወረቀት ከእንጀራ በላይ ይቀደዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር። ቴምብሩ ከለቀቀ በኋላ ውሃው ሙጫ ሆኗል፣ ከዛ አውጥታችሁ ብታደርቁት ያው ሙጫ ጀርባው ላይ ተመልሶ ይደርቃል፣ ለሻጋታ ማዕድ አቀረባችሁለት ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሳህን በንጹህ ውሃ፣ አምስት አሥር ደቂቃ። ጀርባውን በጣት ስትነኩት ሙልጭልጭ የሚል ከሆነ ሙጫ አለ፣ ሦስተኛ ሳህን። ውሃ ጠፍቶ የጀሪካን ውሃ እየቆጠባችሁ ከሆነ ሥራውን ውሃ በመጣ ቀን አርጉት፣ አንዱን ሳህን ለ100 ቴምብር መጠቀም ቁጠባ አይደለም።

ተጣብቀው የተገኙትም እንደዚሁ ነው፣ ያገለገለ ቴምብር ስለሆነ ሙጫው ይጥፋ አይጥፋ አያሳስበንም፣ ውሃ ውስጥ አስተኝታችሁ በራሳቸው ጊዜ ይላቀቃሉ። ያላገለገለ አዲስ ቴምብር ከሆነ ግን ይሄን እንዳታደርጉ፣ የሱ ዋጋ ሙጫው ነው።

ማድረቅ

በወረንጦ ጥግ ይዛችሁ አንሱ፣ ውሃው ይንጠባጠብ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ፊቱን ወደ ታች። ወደ ታች የሆነበት ምክንያት ትንሽ ሙጫ ቀርቶ ከሆነ ወረቀቱ ላይ እንዳይጣበቅ ነው። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙን ያትምበታል። ካውያም፣ የፀጉር ማድረቂያም አይሆንም። ቡና እየተፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ ያለበት ክፍልም አይሁን፣ ወጥ ቤት ደሞ ጭራሽ፣ የሽሮው እንፋሎት ብቻውን የሠራችሁትን ያፈርሰዋል።

በበጋ አንድ ሙሉ ቀን እንዲሁ ይዋል ይደር። ተጠቅልሎ ይደርቃል፣ አትደንግጡ። ከዛ በሁለት ነጭ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ፣ ከላዩ ሌላ መጽሐፍ ጭናችሁ ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ወረቀቱን ቀይሩ። የምትቀይሩት ወረቀቱ የጠጣው እርጥበት ተመልሶ እንዳይገባ ነው፣ እኔ ሐምሌ ላይ የሳትኩት ይሄንን ጭምር ነው።

መድረቁን በጣት አትወቁት፣ ጣት ይዋሻል። ጉንጫችሁ ላይ ወይ ከንፈራችሁ ጫፍ ላይ አስነኩት፣ ቀዝቀዝ ካለ ውሃ አለ ማለት ነው፣ እንደ ክፍሉ ከሆነ ደርቋል። እኔ ከዛም በኋላ አንድ ሳምንት በወረቀት ፖስታ አቆየዋለሁ፣ ባለቤቴ ትስቃለች፣ ግን አንድም አልሻገተብኝም።

ማስቀመጥ

አልበም ስትገዙ አሽትቱት። የአዲስ የሻወር መጋረጃ ሽታ ካለውና ላስቲኩ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ፒቪሲ ነው፣ ከጊዜ በኋላ የሚያወጣው ዘይት ቀለሙን ያበላሻል፣ እርጥበትም ያፍናል። ፖሊስተር ወይ ፖሊፕሮፒሊን የሚል ከሆነ ጥሩ። የሠርግ ፎቶ የሚለጠፍበት ሙጫ ያለው አልበም በፍጹም። አልበም ካላገኛችሁ ነጭ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያረጉ በካርቶን ማቆም ከመጥፎ አልበም ይሻላል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ ክሊፕ፣ ስኮች፣ ናፍታሊን አንዳቸውም አይግቡ።

ገጹን አትጨናንቁ፣ አልበሙንም አስተኝታችሁ አትደርድሩ፣ እንደ መጽሐፍ ይቁም፣ በመሀላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ሲተኛ የላይኛው ክብደት ገጾቹን ይጫናቸውና አየር የሚባል ነገር አያልፍም።

ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጡት ትንንሽ ፍሬዎች) ላይ ግራ የሚጋባ ስላለ እንዲህ ያዙት፦ ሲሊካ ካረጋችሁ አልበሙ ያለበት ሳጥን ጥብቅ ብሎ ይዘጋ፣ ካልሆነ የምታደርቁት አዲስ አበባን ነው። ሲሊካ ከሌላችሁ ደሞ አትዝጉት፣ አየር ያግኝ። የአጎቴ ቆርቆሮ መሀሉ ላይ ነው የወደቀው፣ ተዘግቷል፣ ግን እርጥበት የሚመጥ የለውም። ከጫማ ካርቶን የምትወጣው አንዲት ፓኬት ቀድማ ጠግባ ነው የምትመጣው፣ ስለዚህ መለኪያውን ሳጥኑ ውስጥ አርጉና 50 አካባቢ እስክትወርድ ድረስ ጨምሩ። ከ35 በታች ከወረደች ግን ቀንሱ፣ ወረቀቱ ይደርቅና ይሰባበራል። የጠገበ ሲሊካ ከወረቀቱ አውጥታችሁ በብረት ሳህን ኦቨን ውስጥ 110 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰዓት ስታቆዩት ይታደሳል፣ የእንጀራ ምጣድ ላይ አታርጉት፣ በጣም ይግላል። ቀለም የሚቀይረው ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ያለበት ስለሆነ መርዛማ ነው፣ ልጅ ካለ ብርቱካናማውን ምረጡ። ሩዝ አርጉበት የሚሏችሁን አትስሙ፣ ሩዝ ነቀዝ ነው የሚጋብዝ።

ቦታው የቤቱ የውስጥ ግድግዳ ጋ ይሁን፣ ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚጋራው ግድግዳ አይሆንም፣ የውጭውም አይሆንም። የቆርቆሮ ጣራ ቤት ከሆነ ቆጥ ላይ አይሁን፣ ቀን ይግላል ሌሊት ይበርዳል፣ ሲበርድ ላብ ይሠራል። መሬት ላይ፣ አልጋ ስር፣ የብረት ካቢኔት ግድግዳ አስጠግቶ፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። ከወለል ከፍ ያለ የእንጨት መደርደሪያ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ያ ነው ቦታው።

በክረምት ዝናብ በያዘ ቀን አልበም አትክፈቱ፣ መለኪያዋን ብቻ አይታችሁ ማለፍ ነው። ፀሐይ ብልጭ ያለ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ አውጥታችሁ ገጹን አንድ ጊዜ ገለጥ ገለጥ፣ ከዛ መመለስ። አንድ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ ያንን ገጽ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውንም አውጡ።

የአጎቴን ጥቅምት ላይ ሠራነው፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከግማሽ በላይ ተረፈ፣ የአስመራ ማኅተም ያላቸው አራት ሙሉ ፖስታዎችም ከታች ተጣጥፈው ተገኙ። ቆርቆሮውን አክስቴ አጥባ በሶ አድርጋበታለች።